ሁለት ተርቦ በስምንት ወር

ሀብተሥላሴ በሃያ ሦስት ዓመት የሾፌርነት ዘመኑ ሰው ገጭቶ አያውቅም። ዶሮ እንኳ አልነካም። ይህን ዘወትር የሚያወራው ራሱ ስለሆነ ውቤ በረሃ ውስጥ ያልሰማ የለም። መጀመሪያ ታክሲ ነዳ፤ ቀጥሎ የጭነት መኪና፤ ከአብዮቱ ወዲህ ለገሃር አጠገብ ያለ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ውስጥ ተቀጠረ። መኪና ይወዳል። መኪናም ይወደኛል ብሎ ያምናል።

በ1975 መስከረም ላይ ስዊድኖች አንድ ፕሮጀክት ጨርሰው ሲሄዱ መኪናቸውን ለኮርፖሬሽኑ ትተው ሄዱ። ቁልፉን የተረከበው ሀብተሥላሴ ነው።

የቤንዚን ሞተር ነው፤ አራት ሲሊንደር፣ ሁለት ሊትር፣ መቶ አርባ አምስት የፈረስ ጉልበት። ጉዱ ያለው ተርቦው ላይ ነው። ተርቦ ማለት ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ግፊት የሚሽከረከር፣ ከቡጢ እምብዛም የማይበልጥ ማራገቢያ ነው። በደቂቃ ከመቶ ሺህ ጊዜ በላይ እየዞረ አየር አፍኖ ሞተሩ ውስጥ ይከታል። የአዲስ አበባ አየር ስስ ስለሆነ ሌላው መኪና እዚህ ሲደርስ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ይጥላል። ይኼኛው አይጥልም። ሀብተሥላሴ የቸርችልን ዳገት ሲወጣ ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ የሚያቃስቱትን አውቶቡሶች በመስኮት እያየ ያፏጫል።

ያኔ ቤንዚን በኩፖን ነበር። እሁድ እሁድ መኪና የሚነዳው በተራ ነው። ስለዚህ የከተማው ሾፌር ሁሉ አንድ ዘዴ ነበረው፤ ቁልቁለት ሲያገኝ ማርሹን ነጻ ያደርግና ሞተሩን ያጠፋል። መኪናው በራሱ ክብደት ይወርዳል። በዚህ ሙያ ሀብተሥላሴን የሚያህል አልነበረም። ከለገሃር እስከ ጊዮርጊስ ነዳጅ ረግጦ ይወጣል፤ እዚያ ቁልፉን ትንሽ መለስ ያደርግና እስከ ራስ መኮንን ድልድይ ድምፅ ሳያሰማ ይንሳፈፋል። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ድንጋይ ይሆናል። ቀኝ ባቱ ከግራው የሚወፍረው ለዚህ ነው ይላል።

የትራንስፖርት ክፍሉ ኃላፊ ጓድ ከተማ ይህን ቁጠባ ባየ ጊዜ ደስ አለው። ሁሉም ሾፌር እንዲሁ እንዲያደርግ በጥቅምት ሰርኩላር አወጣ። ለሜይ ዴይ ደግሞ ሀብተሥላሴ «አርአያ ቆጣቢ ሾፌር» የሚል ወረቀት ተሸለመ።

ችግሩ ተርቦው ነው። የመጀመሪያው በጥር ሞተ። ስዊድኖቹ ትተውት የሄዱት መለዋወጫ ተገጠመ፤ እሱም በግንቦት ሞተ። መኪናው ሰማያዊ ጭስ እየተፋ ዳገት ላይ እንደ አህያ መለገም ጀመረ። ሦስተኛ ተርቦ የለም፤ ማስመጣት የውጭ ምንዛሪ ይጠይቃል። ጓድ ከተማ ለዲሲፕሊን ኮሚቴው አራት ገጽ ጻፈ። «ሁለት ተርቦ በስምንት ወር» ይልና ዝቅ ብሎ «አሻጥር ይሸታል» ይላል።

ያ ቃል በዚያ ዘመን ስም አጠገብ ሲጻፍ ከሥራ መባረር ትንሹ ነገር ነበር። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ዓርብ ነው። ሀብተሥላሴ ረቡዕ ጠዋት ሁለተኛው የሞተ ተርቦ እንደተገጠመ፣ የመጀመሪያውን በጆንያ ይዞ፣ እያጨሰ ውቤ በረሃ ወደሚገኘው የጋሽ አታክልቲ ጋራዥ ሄደ። አታክልቲ ሙያውን አሥመራ የተማሩ፣ ከስልሳ ያለፉ መካኒክ ናቸው።

«ጋሽ አታክልቲ፣ አንድ ወረቀት ይጻፉልኝ። ሞተሩ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ የማይረባ ነው ብለው።»

«አይቼዋለሁ?»

«አላዩትም።»

«ታዲያ የማላውቀውን ሰው ስም ላጥፋ?»

ጆንያውን ዘርግፈው የመጀመሪያውን ተርቦ ፈቱ። በካቻቢቴ ጫፍ ውስጡን ሲፍቁት ጥቁር ቅርፊት ወረደ።

«ይኼ ምንድነው?»

«ከሰል ይመስላል።»

«ዘይት ነበር። ዘይት ትቀይራለህ?»

«በየሦስት ሺህ ኪሎ ሜትሩ! ምን ይላሉ እርስዎ? እኔ እኮ...»

«ዶሮ እንኳ አልነካህም፤ ሰምቻለሁ። ና፣ እንደ ወትሮህ ንዳ። እኔ አጠገብህ እቀመጣለሁ።»

ወደ ለገሃር ወርደው ተመለሱ። ሀብተሥላሴ በቸርችል ሽቅብ ነዳጁን ረገጠ። ቴዎድሮስ አደባባይ ላይ ትራፊኩ በጭሱ ታፍኖ አፍንጫውን ያዘ። ጊዮርጊስን እንዳለፉ ሀብተሥላሴ በለመደው እጁ ቁልፉን መለሰው። ጸጥ አለ። አታክልቲ የበሩን እጀታ ጨበጡ።

«ምነው፣ ሞተ?»

«አጠፋሁት።»

«ለምን?»

«ቁልቁለት ነዋ!»

አታክልቲ እስከ ድልድዩ ድረስ ሳቁ። ሀብተሥላሴ አልሳቀም።

«ስማ፤» አሉት ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ዳገቱን ስትወጣ ያ ማራገቢያ እንደ ፍም ቀልቷል። የሚያቀዘቅዘው ዘይት ነው። ዘይቱን የሚገፋው ደግሞ ሞተሩ ነው። አንተ ሞተሩን ቀጥ ታደርጋለህ፤ እሱ ግን በደረቁ ይዞራል። ዘይቱም እዚያው ተጠብሶ ይቀራል።»

«ታዲያ ምን ማድረግ ነበረብኝ?»

«ቁልቁለት ላይ አታጥፋው። ስታቆምም ሁለት ደቂቃ በቀስታ ይሥራ፤ ከዚያ ታጠፋዋለህ።»

«ሁለት ደቂቃ ሙሉ ቆሜ ቤንዚን ላቃጥል?»

«አዎን። ሞተሩ እኮ ጎበዝ ነው። በሥርዓቱ ቢያዝ አሥር ዓመት ምንም አይልህም ነበር።»

ወረቀቱን ጻፉለት፤ ያዩትን ብቻ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው። ተርቦው የተበላሸው በአነዳድ ነው።» ከሥሩ ፈረሙ።

ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ሁለት ቀን በኪሱ ይዞ ዞረ። ቢቀደው የሚያውቅበት የለም። ፋብሪካውን ይከስሳል፤ ኮሚቴው ያምነዋል ወይም አያምነውም። ቢያስገባው ግን መኪና ገዳይ ነኝ ብሎ በገዛ እጁ መፈረሙ ነው። ሐሙስ ማታ ለባለቤቱ ለጽጌማርያም ነገራት።

«ገድለሃቸዋል?» አለችው።

«ገድያቸዋለሁ።»

«እንግዲያ ሌላ ሰው ደርሶበት ከሚናገር አንተ ተናገር።»

ዓርብ ሦስት ሰው ተቀመጠ። ጓድ ከተማ፣ የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ታይፒስቷ ቆንጅት፣ እና ስብሰባው እስኪያልቅ አፉን ያልከፈተ የሒሳብ ክፍል ሰው።

«ጓድ ሀብተሥላሴ፣» አለ ጓድ ከተማ፣ «ሁለቱን ተርቦ ማን አበላሻቸው?»

«እኔ።»

የጓድ ከተማ እስክሪብቶ ቆመ። አራቱ ገጽ የተዘጋጀው ለሚክድ ሰው ነበር። ሀብተሥላሴ ወረቀቱን አኖረና ሁሉንም ተናገረ፤ ዳገቱን፣ ፍሙን፣ ቁልፉን፣ የተጠበሰውን ዘይት።

ቆንጅት ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ቁልቁለት ላይ ሞተር ማጥፋት በሰርኩላር የታዘዘ አይደለም እንዴ? የመታሁት እኔ ነኝ። አሥራ ሁለት ኮፒ።»

«ሰርኩላሩ በጠቅላላው ነው የሚናገረው፤» አለ ጓድ ከተማ።

«‹ሁሉም ተሽከርካሪ› ነው የሚለው፣ ጓድ።»

ጓድ ከተማ ጣራውን አየ። የሒሳብ ክፍሉ ሰው ጫማውን አየ። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤው ላይ አሻጥር የሚለው ተሰረዘና «የቴክኒክ ግንዛቤ ጉድለት» ተተካ። የማን ጉድለት እንደሆነ አልተጻፈም። ሀብተሥላሴ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት በሥራው ቀጠለ።

አታክልቲ ከአንዱ ተርቦ አቃፊውን፣ ከሌላው ዘንጉን ወስደው፣ ፍቀው፣ አጥበው፣ ከሁለት ሬሳ አንድ ጤነኛ አወጡ። ሰኔ ላይ መኪናው እንደገና ቸርችልን ወጣ።

የመጀመሪያው ቀን ተሳፋሪ ጓድ ከተማ ነበር። ቤቱ አፍንጮ በር ነው። ሀብተሥላሴ ቁልቁለቱን ሞተሩን ሳያጠፋ ወረደ፤ ድልድዩን ተሻግሮ ወጣና በሩ ላይ ቆመ። ሞተሩ ይሠራል። ጓድ ከተማ በሩን ሊከፍት እጁን ዘረጋና ተወው።

«አጥፋው እንጂ፤ ቤንዚን እኮ ነው።»

«ገና ነው፣ ጓድ። አንድ ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ይቀረዋል።»

ጓድ ከተማ ሰዓቱን አየ። ከመኪናው ቢወርድ ሞተሩ ቤንዚን ሲያቃጥል አይቶ መሄዱ ነው፤ አጥፋ ብሎ ቢያዝዝ ደግሞ ይኼኛው ተርቦ በእሱ ቃል መሞቱ ነው። ተቀመጠ።

«አሁንስ?» አለ ቆይቶ።

«አርባ ሰከንድ።»