በዘሃራ መዳፍ የታተመው እንስራ

ጎረቤቴ ትናንት ለዘመዷ ሠርግ ስትነሳ የቤቷን ቁልፍ መዳፌ ላይ አስቀምጣ፣ "አደራ እትዬ" አለችኝ። እዚህ ጎሬ ስኖር የስንት ሰው ቤት ጠብቄያለሁ፤ ቃሉን በሰማሁ ቁጥር ግን በጭቃ የተመረገ እንስራ ፊቴ ይደቀናል።

ያኔ መካነ ሰላም አጠገብ ካለች መንደር ነበርን። አያቴን እማዬ፣ እናቴን እቴቴ እላቸው ነበር። አባቴ ሥራ ፍለጋ ወደ ሁመራ ወርዶ ድምፁ ጠፍቷል። በልጉ ከሸፈ፣ ከብቱ አለቀ፣ የራሳችንን ዘር በልተን ጨርሰን ሳማ ወደ መቀቀል ገባን። ሳማ ጨው ካለው ክፉ አይደለም፤ ጨው ግን አልነበረንም።

ጎረቤታችን ዘሃራ ባሏንና ልጆቿን ይዛ ወደ ወግዲ ስትሰደድ፣ የዘር ገብሷን በእንስራ ሞልታ እማዬ ዘንድ አስቀመጠች። አፉን በጭቃና በእበት መርጋ፣ ሳይደርቅ መዳፏን ተጫነችበት። በእኛ ሰፈር ያደራ ዘር የሚታተመው እንዲህ ነበር፤ ባለቤቱ ሳይኖር ያ መዳፍ አይሰበርም።

"እማማ ጥሩ፣ ከእርስዎ ሌላ ማንን አምናለሁ?" አለች።

"ሂጂ ልጄ፤ በሰላም ያግባሽ።"

ሰኔ ሲገባ ታናሽ እህቴ አስካል ማልቀስ አቆመች። ያስፈራንም ይኸው ዝምታዋ ነበር።

"እማዬ፣ እንክፈተው" አለች እቴቴ።

"አደራ ጥብቅ ነው፣ ሰማይ ሩቅ ነው።"

"ልጄ ከገብስ ታንሳለች?"

እማዬ ምርኩዟን አንስታ፣ "እኔ እስክመለስ እንዳትነኩት። ወግዲ ሄጄ ዘሃራን አስፈቅዳለሁ" አለችና ባበጠ እግሯ ወጣች።

እቴቴ አስካልን ታቅፋ ከእንስራው ፊት ለፊት ተቀመጠች። ከሰማዩ ጥግ ነጎድጓድ ይሰማል፤ ዝናብ ግን የለም። በማግስቱ ቢላዋ ይዛ ስትጠጋ አየኋት። እንዳትከፍተው ፈራሁ፤ እንዳትተወውም ፈራሁ። መዳፏን በዘሃራ መዳፍ ላይ አሳረፈች። ልክክ አለ። ከዚያ እሳት እንደነካ ሰው እጇን ሳብ አድርጋ፣ ቢላዋውን ወደ ጓሮ ወረወረችው።

እማዬ ስትመለስ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ፣ ነጠላዋ አፈር መስሎ ነበር።

"ፈቅዳለች" አለች፣ ሳትቀመጥ። "ብሉ ብላለች።"

የእማዬን ቃል የሚጠይቅ በቤታችን አልነበረም። ምርጉን ዙሪያውን ፈልፍላ፣ መዳፉን ሳትሰብር እንደ ክዳን አነሳችው። እቴቴ ገብሱን ቆልታ ፈጭታ አጥሚት ሠራች። አስካል መጀመሪያ ተፋችው፤ ኋላ ዋጠች፤ አመሻሹ ላይ አለቀሰች። እንደዚያ ቀን ለቅሶ ደስ ብሎኝ አያውቅም። እማዬ ግን ወደ ሳማዋ ተመለሰች።

"ጾም ላይ ነኝ" አለች። አጥሚቱ ግን የጾም ነበር።

ንጉሡ ወርደው መሬት ላራሹ ከታወጀ በኋላ ዘሃራ ተመለሰች። በራችን ላይ ከእማዬ ጋር ተቃቅፈው ተላቀሱ።

"ወግዲስ ምን ነበር!" አለች፣ ዓይኗን እየጠረገች። "እዚያ ሳናድር ዓባይን ተሻግረን፣ ጎጃም ነው የከረምነው።"

እኔ አጠገባቸው ነበርኩ፤ ደነገጥኩ። እቴቴ ይህን አልሰማችም። ከጓሮ እየሮጠች መጥታ ዘሃራ እግር ላይ ወደቀች፤ "ብሉት ብለሽ ባትልኪ ኖሮ ልጄ አፈር ነበረች!"

ዘሃራ እማዬን አየቻት። እማዬ መሬት መሬቱን ታያለች።

"ተነሺ፣ አብሽሪ" አለች ዘሃራ፣ እቴቴን እየደገፈች። "እንዴት አልልክም? ያልኩትን ነው ያደረጋችሁት።"

እማዬ ገብታ፣ የተረፈውን ዘርና ያን የደረቀ ክዳን አመጣች። ዘሃራ መዳፏን በአሻራው ላይ አደረገች። ዙሪያው ክፍት ቀረ።

"እማማ ጥሩ፣ እጄ ከሳ እኮ!" ብላ ሳቀች። ያኔ ነው እማዬ ቀና ያለችው።

ለነፍሳቸው ስጸልይ ሁለቱንም በስማቸው እጠራለሁ፤ ስለ ውሸታቸው ግን ምን ብዬ እንደምለምን ዛሬም አላውቅም። እማዬ እስክትሞት ስለ ወግዲ መንገድ አላነሳችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

የጎረቤቴ ቁልፍ ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ ታስሮ አለ። እስክትመጣ አልፈታውም።