እሺ ማለት ያቃተው ተዋናይ

አባቴ ዘርዓብሩክ ቴአትር ቤት የገባው መጋረጃ ሳቢ ሆኖ ነው። አንድ ቀን በር ጠባቂ ሆኖ የሚተውነው ሰው ታመመና አባቴን ጦር አስይዘው መድረክ ላይ አቆሙት። የሚናገረው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «አይቻልም!» እንዴት አድርጎ እንዳለው እንጃ፣ ንጉሥ ሆኖ የሚተውነው ሰውዬ የምር መስሎት ወደ ኋላው ተመለሰ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲከለክል ኖረ። የስኮትላንድ ቤተ መንግሥት ዘበኛ ሆኖ፣ እናቴ ከዩኒፎርም ጨርቅ የሰፋችለትን ጉርድ ቀሚስ እንደ አገሩ ወንዶች ለብሶ ከለከለ። ዳኛ ሆኖ ይግባኝ ከለከለ። በመጨረሻ በቴሌቪዥን ድራማ፣ ልጁን የሚጠይቁ ሽማግሌዎችን ሁሉ የሚያባርር ሀብታም ሆነና ስሙ ገነነ። ቴዎድሮስ አደባባይ የታክሲ ረዳቶች ሲያዩት «አርቲስት ግባ፣ እዚህ ይቻላል!» ይሉት ነበር።

ጣጣው የመጣው እኔን ሊጠይቁ የመጡ ዕለት ነው።

ላገባው የፈለግኩት የአብርሃ ሽማግሌዎች ሦስት ነበሩ፤ መሪያቸው ጋሽ ገብረክርስቶስ። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ውቤ በረሃ ያለው ቤታችን መጡና አንቀመጥም ብለው ቆሙ። ወጉ የታወቀ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም፣ «ዘመድ እናማክር፣ ተመለሱ» ይባላል። አባዬም ይህንኑ ሊል ተነሣ። ግን ሰው ፊቱ ቆሞ ሲያየው ደሙ ፈላ መሰለኝ፣ ጋቢውን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣

«አይቻልም!» አለ። ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ።

ጓዳ ሆኜ አለቀልኝ አልኩ። ሽማግሌዎቹ ግን አጨበጨቡ።

«ከድራማው ይበልጣል!» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ።

በሳምንቱ ዘመድ ጨምረው መጡ። በሦስተኛው እሑድ ጎረቤቱ በርጩማ ይዞ በራፋችን ላይ ተኮለኮለ። አባዬ እሺ ሊል አፉን ሲከፍት ሕዝቡ ጸጥ ይላል፤ ሕዝቡ ጸጥ ሲል ደግሞ «አይቻልም» ያመልጠዋል።

«አባዬ፣ ጾሙ ሊገባ ነው» አልኩት። ዐቢይ ጾም ከገባ እስከ ፋሲካ ሠርግ የለም። የአብርሃ እናት ደግሞ «ልጄ ደጅ ሲጠና አያረጅም፣ ሌላ ቤት እናያለን» ማለት ጀምረዋል።

«እኔስ መች ጠላሁ ልጄ? እሺ የሚል ሰው ሆኜ ተውኜ አላውቅም እኮ!»

«ታዲያ ተለማመዳ!» አለች እናቴ አይናዲስ።

ሳምንቱን ሙሉ መስተዋት ፊት ቆሞ ተለማመደ። እሺው እንደ ዛቻ ሆነበት። ድመታችንን «እሺ» ቢላት ከቤት ወጥታ ሁለት ቀን አልተመለሰችም።

በአራተኛው እሑድ ግቢው ጢም አለ። ጋሽ ገብረክርስቶስ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ጀመሩ። አባዬን ላብ አጠመቀው። ቀስ ብሎ፣

«እ... እሺ» አለ።

ማንም አላጨበጨበም።

«ኧረ አርቲስት! ይሄን ሁሉ ሰው ይዤ መጥቼ?» አሉ ጋሽ ገብረክርስቶስ። «ደህናውን ይበሉን እንጂ!»

«የምሬን ነው!»

«አቤት ትወና!» አለች አንዷ ከበራፍ። «ይደገም!»

የአባዬ እጅ ወደ ጋቢው ሲሄድ አየሁ። ሊከለክል ነው። ልጅቷ ሽማግሌ ፊት አትወጣም፣ አውቃለሁ፤ ግን ጾሙ ሊገባ የቀረው ሦስት ሳምንት ነው። ከጓዳ ወጣሁና የበራፉን መጋረጃ ጥርቅም አድርጌ ሳብኩት።

መጋረጃ ተዘጋ ማለት አለቀ ማለት ነው። ውጭ ያለው ሕዝብ አጨበጨበና በርጩማውን አንሥቶ ወደየቤቱ ሄደ። አባዬ ጋቢውን አውልቆ አጣጠፈው። ያለ ጋቢ አጭር ሰው ነው።

«ሰጥቻችኋለሁ» አለ፣ ከሶፋው በማያልፍ ድምፅ።

«ጮክ ብለው ይበሉት እንጂ!»

«ጮክ ካልኩ አይቻልም ነው የሚወጣኝ። ይልቅ ተቀመጡ።»

ጋሽ ገብረክርስቶስ አራት እሑድ የቆሙበትን ጉልበታቸውን እያሹ ተቀመጡ።

አሁን ኮንዶሚኒየም ነው ያለነው። ልጄ ሦስት ዓመቷ ነው፤ አያቷን ከረሜላ ልትጠይቅ ስትል በመጀመሪያ ሄዳ መጋረጃውን ትዘጋለች።