ያልተሰረዘው እርምጃ

የመሬት መንቀጥቀጥ መመዝገቢያ ጣቢያው ዘበኛ አለቃውን እንደ ጠንቋይ ይፈራቸዋል። ሽማግሌው ተመራማሪ ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት ዘርግተው፣ ከመሬት ሆድ ያልመጣውን ንዝረት ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ ይሰርዛሉ። "ይሄ የወተት መኪናው ነው። ይሄ ደግሞ አንተ፤ ዛሬም ግራ እግርህን አሞሃል" ይላሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

አንድ ቀን ዘበኛው ሳይሰረዝ የቀረ ነገር አየ። በየቀኑ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ፣ እየቀረበ መጥቶ ድንገት የሚቆም ቀለል ያለ የሰው እርምጃ ነው።

"ጋሼ፣ ይቺን ረሷት እንዴ?"

"እሷን ተዋት። ባለቤቴ ናት፤ ምሳ ስታመጣልኝ ነው።"

ዘበኛው ክው አለ። የሽማግሌውን ባለቤት ከዓመታት በፊት በደረሰው ትልቅ መንቀጥቀጥ ጊዜ ከፍርስራሽ አውጥቶ አፈር ያለበሳቸው እሱ ራሱ ነው። ሰዓቱን አየ፤ ስድስት ሊሆን ነው። ሽማግሌው ሁለተኛውን ወንበር ሳብ አድርገው ወደ በሩ ዞሩ።

የመሣሪያው መርፌ ወረቀቱን መጫር ጀመረች።