የአሸዋ ማድረቂያዋ ቤት

ባቡር ሲያፏጭ በማይሰማበት ከተማ የባቡር ዴፖ እየሠራሁ እንደሆነ እዚህ ሐይቅ ከተማ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ልብስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ሁሉ ልኬቷን ሳትሰጠኝ አንገቷን ወደ ሳሎኑ ታሰግጋለች።

«ዛሬስ የት ደረሰ ባቡርሽ?»

«ጥገና ላይ ነው።»

«ወላሂ የኔንም ቀሚስ ጥገና ላይ ነው ካልሽኝ ሦስት ሳምንት ሆነሽ።»

እንስቃለን። ከዚያ ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ ትከሻዋን እለካለሁ።

የተወለድኩት ድሬዳዋ ነው። ሐይቅ የመጣሁት በትዳር ነው፤ ባለቤቴ የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባጃጅ ይጠግናል። ሃያ ዓመት አልፎኛል። የአምባሰል ሰው አነጋገር አፌ ላይ ስለገባ እህቶቼ በስልክ ሲሰሙኝ «ወሎዬዋ» እያሉ ያሾፉብኛል። እዚህ ደግሞ እስካሁን «የድሬዋ» ነኝ። በሁለቱም ቅር አይለኝም።

አባቴ ሎኮሞቲቮቹ፣ እኛ ማሽን የምንላቸው፣ ከጉዞ ሲመለሱ በሚገቡበት ዴፖ ነበር የሚሠራው። እዚያ ናፍጣ ይሞላሉ፣ ውሃ ይጨመርላቸዋል፣ ጉድጓድ ላይ ቆመው ሆዳቸው ከሥር ይታያል፣ አሸዋም ይጭናሉ። አሸዋው ምን ሊሆን ነው የሚለኝ ብዙ ነው። ሀዲዱ በጤዛ ወይም በዝናብ ሲርስ የብረት ጎማ ዳገት ላይ ባለበት ይሽከረከራል እንጂ አይሄድም። ያኔ ነጂው ከጎማው ፊት አሸዋ ያፈስበታል፤ ጎማው ይነክስና ባቡሩ ይወጣል። አሸዋው ግን ፍጹም የደረቀ መሆን አለበት። ትንሽ እርጥበት ካለው ቱቦው ውስጥ ተጋግሮ አይወርድም። የአባቴ ሥራ ይህ ነበር። አሸዋ ያጥባል፣ ምድጃ ላይ ያደርቃል፣ ይነፋል፣ በባልዲ ተሸክሞ ማሽኖቹ ላይ ይሞላል። ዕድሜውን በሙሉ። ቤት ሲገባ ከኪሱ፣ ከጫማው፣ ከቆቡ እጥፋት አሸዋ ይራገፋል። እናቴ «እኛ ቤት ውሃ ቢጠፋም ተየሙም ማድረጊያ አይጠፋም» ትለው ነበር፤ ውሃ ያጣ ሰው ለሶላት በአፈር የሚያደርገውን መጥራራት ማለቷ ነው።

ሲሞት ድሬ ወርጄ ድንኳን ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ታላቅ ወንድሜ ለሩቅ አገር እንግዶች ሲናገር በመጋረጃው በኩል ሰማሁት። «አባታችን ሠላሳ ዓመት ባቡር ነድቷል» አለ። ሰው ሁሉ «አላህ ይዘንለት» አለ። እኔም አልኩ። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሱቅ አለው፣ ሰው ያከብረዋል፣ አባቱም እንዲከበርለት ፈልጎ ነው። እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። በሌላ ሰው ልክ የተሰፋ ኮት ለብሶ የቆመ ሰው ሳይ አፌ ዝም አይልም። ያን ቀን ዝም አለ። ሐይቅ ተመልሼ የአባቴን ዴፖ በትንሹ ልሠራበት የአሮጌ ቁምሳጥን በር ጠረጴዛ ላይ ያጋደምኩት በዚያ ዝምታ ተናድጄ ነው።

የድሮው ሀዲድ በሁለቱ ብረቶች መካከል አንድ ሜትር ስፋት ነበረው፤ እኔ አንድ ሳንቲ አደረግሁት። ከዚያ ወዲያ ልኩ ሁሉ ቀለለኝ፣ የሜትሩ ሁሉ ሳንቲ። ሀዲዱ የተሰበረ ጃንጥላ ሽቦ ነው፣ ከሥሩ የተረበረበው የክብሪት እንጨት። የማሽኖቹ አካል የወተት ቆርቆሮ፣ ጎማቸው የሸሚዝ ቁልፍ፣ የውሃ ማጠራቀሚያው የሳልሳ ጣሳ። ማሽን አውጥተው ፊቱን የሚያዞሩበትን ክብ መድረክ ባለቤቴ ከባጃጅ ባወጣው ኩሽኔታ ላይ አስቀመጥኩት፤ በጣት ሲነኩት ያለ ድምፅ ይዞራል። «ከደንበኞቼ ይልቅ ላንቺ ነው ደህናውን ኩሽኔታ የሰጠሁት» ይለኛል። ከተበላሸ ሲዲ ማጫወቻ ሞተር አውጥቶም አንዱን ማሽን በባትሪ እንዲሄድ አደረገልኝ።

የአሸዋ ማድረቂያዋን ቤት የጀመርኳት ከሁሉ በፊት፣ የጨረስኳት ከሁሉ በኋላ ነው። አሸዋውን ከሐይቁ ዳር አመጣሁ። ጭቃ ስለሚበዛው ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ በብረት ድስት አደረቅኩት፣ በሻሽ ነፋሁት። በጣቶቼ መካከል እንደ ውሃ ሲወርድ «አሁን ደረሰ» የሚለው የአባቴ ድምፅ መጣብኝ። ከበሩ ጎን ከአረንጓዴ ከፋይ ቁራጭ የመስገጃ ምንጣፍ አነጠፍኩ፣ ከዶቃ የውዱእ ማንቆርቆሪያ ሠራሁ፣ ከቆዳ ቁራጭ የሩዝ ፍሬ የሚያክሉ አንድ ጥንድ ጫማ። ሰው የለም። በዴፖው በሙሉ አንድም ሰው የለም፤ ነፍስ ያለው ፍጡር ምስል አልሠራም፣ በዚህ ላይ ከማንም ጋር አልከራከርም።

ምንጣፉ ግን ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ አቅጣጫ፣ መቅናት ነበረበት። ቤቷን ብቻ ባዞራት ከሀዲዱ ጋር ያላት አቀማመጥ ስለሚበላሽ ጠረጴዛውን ከነዴፖው አዞርነው። በዚህ የተነሳ የሳሎናችን በር እስከ ዛሬ በግማሽ ነው የሚከፈተው። ሌላውን ሁሉ በማስቲሽ አጣብቄ እሷን ብቻ እንዲሁ አስቀመጥኳት። አሁን ሳስበው ፈርቼ ነው፤ ወንድሜ ሲመጣ ላነሳት እንድችል።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ አንዲት የውጫሌ ልጅ ወደደ። ወንድሜ ሽማግሌ ይዞ ውጫሌ ሄዶ ጠየቀ። የልጅቷ አባት የእህል ነጋዴ ናቸው። «ድሬ ሩቅ ነው፤ ሐይቅ ያለችውን እህትህን ቤት ልይና እመልስልሃለሁ» አሉት።

ወንድሜ እንግዳው ሊመጡ አንድ ቀን ሲቀራቸው እኛ ቤት መጣ። በግማሹ በር በጎኑ ገብቶ ዴፖው ፊት ቆመ። መጀመሪያ ፊቱ የልጅ ፊት ሆነ፤ ጉድጓዱን በጣቱ ነካካ፣ መድረኩን አዞረ። ከዚያ ጥግ ላይ ያለችውን ቤት አያት።

«አቦ፣ ይቺን ምን አመጣት?»

«የአባባ ቤት ናት።»

«የማን እንደሆነች መች ጠፋኝ። ሰውየው ነገ ይመጣሉ። አባታችን ባቡር ነጂ ነበር ብያቸዋለሁ።»

«አንተ ነህ ያልካቸው።»

«እሺ፣ አንድ ሰውዬ ሥሪና ማሽኑ መስኮት ላይ አስቀምጪ። እሱ ነው እንላለን።»

«የሰው ምስል አልሠራም።»

«የጭቃ አሻንጉሊት ስትጋግሪ አድገሽ ዛሬ ሼኽ ሆንሽብኝ?»

«ብሠራም እዚያ አላስቀምጠውም። አባባ ማሽን ላይ የወጣው ባልዲ ይዞ ነው።»

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ ጥጋቸው ላይ መቁጠሪያቸውን እየቆጠሩ ነበር። ዐይናቸው ደክሟል። «ምንድን ነው የሚያጣላችሁ?» አሉ።

«አሸዋ ነው፣ እማ» አልኳቸው።

«እዚህ ሐይቅ ዳር ተቀምጣችሁ በአሸዋ ትጣላላችሁ? ሂዱና ቅዱ፣ ሞልቷል።»

በማግስቱ ዙህር ሰግጄ ወደ ሳሎን ስመለስ ቤቷ የለችም። ምንጣፏም፣ ማንቆርቆሪያዋም፣ ጫማዎቹም የሉም። ቦታዋ ላይ ትንሽ አሸዋ ብቻ ቀርቷል። አማቴ ሳልጠይቃቸው ተናገሩ፦ «ወንድምሽ የስፌት መኪናሽን መሳቢያ ሲጎረጉር ነበር። ዐይኔ ቢደክም ጆሮዬ ደህና ነው።»

«አንቱ፣ ዝም አሉት?»

«እንግዳ ነዋ። አንቺ ግን እንግዳ አይደለሽም።»

ከክር ጥቅሎች መሃል አገኘኋት። ተሸክሜ ስመለስ ወንድሜ በሩ ላይ ቆሟል።

«የልጄን ትዳር ልታፈርሺ ነው?»

ያን ልጅ ድሬ ሳለሁ አቅፌ አሳድጌዋለሁ፣ እወደዋለሁ። ቤቷን በሁለት እጄ ያዝኳት። «አንተን ከጠየቁ አንተ መልስ» አልኩት። «እኔን ከጠየቁ ግን እንደ ድንኳኑ ቀን ዝም አልልም። እነግራቸዋለሁ።» አስቀመጥኳት። ምንጣፏን አቀናሁ። ከዚያ ጓዳ ገብቼ ዱዓ አደረግሁ፤ እንዳይጠይቁኝ ሳይሆን ከጠየቁኝ ድምፄ እንዳይከዳኝ።

እንግዳው የከሰዓቱ ሶላት፣ ዐስር፣ ከተሰገደ በኋላ መጡ። ግዙፍ ሰው ናቸው፤ በሩ ላይ ቆመው ሆዳቸውን አዩ፣ በሩን አዩ።

«ይህ በር የተሠራው ለጾመኛ ነው እንዴ?»

ባለቤቴ እየሳቀ እጃቸውን ይዞ አሾለካቸው። ሻይ ቀረበ። ሰውየው ግን ብርጭቆውን ይዘው ከዴፖው ፊት አልተነሱም። ሁሉንም በተራ ጠየቁኝ፤ ይህ ምንድን ነው፣ ያኛውስ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሩ።

«ታዲያ የአባታችሁ ማሽን የትኛው ነው?»

ወንድሜ ሻዩን አማሰለ። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሰውየው ጠበቁት፣ ከዚያ ወደ እኔ መለስ አሉ።

«የሠራሽው አንቺ ነሽ፤ እስቲ አንቺ አሳዪኝ።»

«አባቴ ማሽን አልነበረውም» አልኳቸው። «የእሱ ይቺ ናት። አሸዋ ያደርቅባት ነበር።»

ባለቤቴ ጉሮሮውን ጠረገ። ወንድሜ ቀና አላለም።

«አሸዋ ለባቡር ምኑ ነው?» አሉ ሰውየው።

በአፍ ከምነግራቸው ላሳያቸው አልኩ። ለመሞከሪያ የምጠቀምበት ሀዲድ የተለጠፈበት ጣውላ ነበረኝ፤ አንዱን ጫፍ ካውያ ላይ አስደግፌ ዳገት አደረግሁት። ሽቦዎቹን በእርጥብ ሳሙና ቀባኋቸው። ባለሞተሩን ማሽን አስቀመጥኩ። ጎማዎቹ ሽው እያሉ ተሽከረከሩ፤ ማሽኑ ካለበት አልተነቃነቀም። ከቤቷ ደጃፍ አሸዋ ቆንጥሬ በተንኩለት። አበዛሁት መሰለኝ ማሽኑ ከሀዲዱ ወጥቶ በጎኑ ወደቀ። ወንድሜ በአፍንጫው ሳቀ። ሽቦዎቹን ጠርጌ እንደገና ሳሙና ቀባሁ፣ በሁለት ጣት ብቻ፣ አባቴ ለወጥ ጨው ሲጨምር እንደሚያደርገው፣ በስሱ በተንኩ። ማሽኑ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ነከሰ፣ እያጉረመረመ ዳገቱን ወጣና ከጫፉ ዘሎ እንግዳው ጭን ላይ ወደቀ።

አንስተው አገላብጠው አዩት። የቁልፍ ጎማዎቹ አሁንም ይዞራሉ። ከዚያ ወንድሜን ጠየቁት።

«ነጂ ነበር ያልከኝ ለምንድን ነው?»

«ሰው ነጂ ያከብራል ብዬ ነው።»

«እኔ እህል ስገዛ ከከረጢቱ አፍ አልዘግንም፤ እጄን እስከ ሥሩ ነው የማስገባው። እህትህ ከሥር ዘግና አሳየችኝ። አንተ ከአፉ ያሳየኸኝን ግን አስቤበት ነው የምመልስልህ።»

በሩ ላይ እንደገና ሆዳቸውን ሰብስበው ወጡ።

ወንድሜ «ደስ አለሽ?» አለኝ።

«አላለኝም።» እውነቴን ነበር። የልጁ ፊት እየታየኝ ነበር። ግን ማስቲሹን ከመሳቢያው አወጣሁ።

«አሁን ነው የምታጣብቂያት?»

«አሁን። ከዚህ በኋላ የሚያነሳት ካለ ከነቁምሳጥኑ በር ያንሳት።»

ወንድሜ በማግስቱ ጠዋት አውቶቡስ ተሳፈረ። ከሁለት ሳምንት በላይ ስልክ አልደወለም። በእያንዳንዱ ሶላት ስለ ልጁ ለመንኩ፤ አንድም ቀን ግን ያንን ባልተናገርኩ አላልኩም። ከዚያ ሰውየው ለባለቤቴ ደወሉለት። ልጅቷን ሰጥተዋል።

ኒካሁ ውጫሌ ሆነ። እኛ ሴቶቹ አሁንም ከድንኳኑ መጋረጃ ጀርባ ነን። ከልጅቷ ወገን አንድ ጆሯቸው የከበደ ሽማግሌ ወንድሜን ሲጠይቁት ሰማሁ፦ «አባትህ ምን ይሠራ ነበር?»

«ባቡር መሥሪያ ቤት ነበር» አለ።

«ባቡር መሥሪያ ቤት ምን?»

ተነስቼ መጋረጃው አጠገብ ቆምኩ። አልገለጥኩትም፤ ጫማዬ ግን ከሥሩ ይታያል፣ ወንድሜም ጫማዬን ያውቀዋል።

«አሸዋ ያደርቅ ነበር» አለ በዝግታ።

«ምን?»

«ለባቡሩ አሸዋ ያደርቅ ነበር!» ድንኳኑ በሙሉ ሰማው።

«አላህ ይዘንለት» አሉ ሽማግሌው። ሰዉ ሁሉ ተቀበላቸው። እኔም አልኩ፣ በመጋረጃው ማዶ እስኪሰማ ድረስ።