ማንጎው ሥር ያለው ሠራተኛ

ሰውየው ከላይ የእርዳታ ድርጅቱን ሰደርያ፣ ከታች ሽርጥ ለብሷል። የሸርቆሌው የስደተኞች ካምፕ ቢሮ ተዘግቶ ሠራተኛው ከየቤቱ እንዲሠራ ከታዘዘ ወዲህ አሶሳ ተከራይቶ ይኖራል። በግቢው ኔትወርክ የሚይዘው ማንጎው ሥር ብቻ ስለሆነ እዚያው ላፕቶፑን ታቅፎ ይውላል። በኢንተርኔት በሚደረገው ስብሰባ የማይሳተፍ ሠራተኛ ውሉ አይታደስም ተብሏል።

«አንተ ልጅ፣ ዛሬም ብቻህን ማውራት ጀመርህ?» አሉት አከራይዋ፣ ልብስ እያሰጡ።

«ስብሰባ ነው፣ እትዬ።»

«ሰዎቹስ የታሉ?»

በስብሰባው የሰውየው ተራ ደረሰ። «ባለፈው ሳምንትም ተናግሬያለሁ፤ ካምፑ ውስጥ የወባ መድኃኒት አልቋል፤ ሕፃናት እየታመሙ ነው» አለ።

«ተሳትፎህ ደስ ይላል!» አለችው ኃላፊዋ ከአዲስ አበባ። ስክሪኑ በሚያጨበጭቡ የእጅ ምልክቶች ተሞላ።

ቀጥሎ የኩርሙኩ ባልደረባው እዚያ ላሉት ስደተኞች የሚቀርበው ውሃ ከተቋረጠ መሰንበቱን ተናገረ። ሰውየው ውሉ ትዝ አለውና እሱም አጨበጨበ።