ጣራዬን ከባሕር ዛፍ ጋር አላሰርኩም

የትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ አሮጌ ጋዜጣ ነው፤ ተዘቅዝቆ የተለጠፈውን ሳይቀር አንብቤ ጨርሻለሁ። ይህን የምጽፈው ለመመካት አይደለም። መመካት ብፈልግማ ከዚህ የሚበልጥ ብዙ ነገር አለኝ።

ነገሩ የሆነው በሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ አሰላ ውስጥ የቆርቆሮ ቤት ገና ብርቅ በነበረበት ጊዜ። የሣር ቤት ያለው ሰው ክረምት ሲመጣ ፈጣሪውን ይለምናል። ቆርቆሮ ያለው ግን ሠልጥኗልና ሽቦ ይገዛል። በሽቦውም የጣራውን ጠርዝ ግቢው ውስጥ ከቆመ ባሕር ዛፍ ጋር ጥርቅም አድርጎ ያስራል። ሐምሌ ላይ ነፋሱ ከጭላሎ ተራራ ሲወርድ ዛፉ ይወዛወዛል፣ ሽቦውን ይጎትታል፣ ቆርቆሮውም ከነሚስማሩ ተነሥቶ ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ይሰበሰብና "አይ ነፋስ!" እያለ ከንፈሩን ይመጥጣል። ባለቤቱም ለከርሞ ወፈር ያለ ሽቦ ይገዛል። ያን ሁሉ ዘመን ዛፉን የጠረጠረ ሰው አልነበረም። እኔ ጠረጠርኩ።

ያነቃኝ ድንኳን ነው። ድንኳን የሚተክል ሰው ገመዱን መሬት ውስጥ ከተቀበረ ካስማ ጋር ያስራል እንጂ ከሚወዛወዝ ነገር ጋር አያስርም። ይህን ለመረዳት ዓይን ብቻ ይበቃ ነበር። ጎረቤቶቼ ግን ዓይናቸውን ለሌላ ሥራ ይፈልጉታል፤ የእኔን ግቢ ለማየት።

ስለዚህ ክረምቱ ሳይገባ ደጄ ላይ የነበሩትን ሁለት ባሕር ዛፎች ቆረጥኩ። በቤቱ አራት ማዕዘን ደረት የሚደርስ ጉድጓድ ቆፈርኩና የጽድ ግንድ አጋድሜ፣ ድንጋይ ጭኜ ቀበርኩ። የጣራውን ወራጆች በሽቦ ወደዚያ ሳብኩ። ከቤቱ በላይ ደግሞ ጎርፉን ወደ ፈፋው የሚወስድ ቦይ አወጣሁ። በሰፈራችን ልማድ ቦይ የሚያልቀው ከታች ባለው ጎረቤት አጥር ሥር ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ጎርፉ የጎረቤት ነው። የእኔ ግን ፈፋው ድረስ ሄደ። እንዲህ ያለ ቂል ታይቶ አይታወቅም አሉ።

ከሁሉ የባሰው ከሌላ አገር ተሹሞ የመጣው ጎረቤቴ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነበር። በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ፣

"ጌታው፣ ጣራህን ቀበርከው እንዴ? ተዝካሩ መቼ ነው?" አለኝ።

"ያንተ ይሂድና ሁለቱን ባንድ ቀን እናወጣለን" አልኩት።

ሳቀ። የእሱ ጣራ በድርብ ሽቦ ከአራት ባሕር ዛፍ ጋር ታስሯል፤ ለምን አይስቅ!

ይሁንና እኔን ያስጨነቀኝ ጸሐፊው አልነበረም። ባለቤቴ የመጀመሪያ ልጃችንን አርግዛ ወሯ ገብቷል። በወጉ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በሴቷ እናት ቤት ነው፤ አማቴም ልጃቸውን ሊወስዱ ከበቆጂ በበቅሎ መጡ። ባለቤቴ "በዚህ ጭቃ፣ በዚህ ሆድ በቅሎ ላይ አልወጣም" አለች። እውነቷን ነው። ወንዞቹ ሞልተዋል፤ ምጡ መንገድ ላይ ቢመጣ ምን ይኮናል እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር።

አማቴ ግቢውን ዞረው አዩ።

"ዛፎቹ የት ሄዱ?"

"ቆረጥኳቸው፣ እማማ።"

"ታዲያ ቤቱን ምን ሊይዘው ነው?"

"መሬቱ ነዋ።"

"መሬቱ!" አሉና ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሰማሽ? ድንኳን ውስጥ ነው ያስቀመጠሽ። ሰርግሽ ገና አላለቀም ማለት ነው።" ከዚያ ወደ እኔ ተመልሰው ፈረዱ፤ "አንድ ነፋስ አያለሁ። ይህ ቤት ከተነቃነቀ ጭቃም ይሁን ጎርፍ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።"

ይህን ብለው ከጉያቸው የጠበል ጠርሙስ አወጡና አራቱን ማዕዘን ረጩ። ግንዶቹ በተቀበሩበት ላይ በትክክል።

ነፋሱ ብዙ አላስጠበቀንም። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ መጀመሪያ በረዶው ወረደ፤ ቆርቆሮው ላይ ሲንጋጋ እርስ በርሳችን አንሰማማም ነበር። ጎርፉ በቦዩ በኩል ወደ ፈፋው ነጎደ። ቀጥሎ ነፋሱ መጣ። ጣራዬ አቃሰተ፣ ግን ካለበት አልተነሣም። በመስኮት ስናይ የጸሐፊው ባሕር ዛፎች ጎንበስ ቀና ይላሉ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲጎነበሱ ጣራው እንደ ድስት ክዳን ተከፈተና መጥቶ እኔ ደጅ ላይ፣ ዛፎቼን ቆርጬ ባጸዳሁት ቦታ ተዘረጋ። ቦታ ማዘጋጀቴን እንኳ አላመሰገነኝም።

ትንሽ ቆይቶ ጸሐፊው ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ፣ ፍራሽ በራሱ ተሸክሞ ገባ። ውሃ እየተንጠባጠበ ጣራዬን ቀና ብሎ አየና፣

"እንዴት ቆመ?" አለ።

ይህን ጥያቄ ክረምቱን ሙሉ ስጠብቀው ነበር። ከድንኳኑ ልጀምር አፌን ስከፍት አማቴ ቀደሙኝ።

"ጠበሌ ነዋ! ጠበሌ ያቆመው ቤት ደግሞ የእኔው ቤት ነው። እንግዲህ ልጄ በእናቷ ቤት ትወልዳለች፤ ምን ፍለጋ በቆጂ እሄዳለሁ?" ትክ ብለው አዩኝ። "አይደለም እንዴ፣ አማቼ?"

ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆና ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ታየኛለች። ዓይኗ "እሺ በላቸው" ይላል።

አፌን ዘጋሁ። በዕድሜዬ የማውቀውን ነገር ሳልናገር የዋጥኩት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

"ልክ ነዎት፣ እማማ" አልኩ። "ጠበሉ ነው።"

የተማረው ጸሐፊ አንገቱን ነቀነቀ፤ ነገሩ አሁን ገባው። በዓመቱ ባሕር ዛፎቹን ጠበል ረጨና ወፈር ባለ ሽቦ አሰረ። ጣራው የት እንደሄደ መናገር አያስፈልገኝም።

ልጃችን እዚያው ቤት፣ በጸሐፊው ልጆች ጫጫታ መካከል፣ በደኅና ተወለደ። አማቴ እስከ መስቀል ድረስ "ቤቴ" ባሉት ቤት ውስጥ ተቀመጡ፤ የመጣውን ሰው ሁሉ እየዞሩ ማዕዘኖቹን አሳዩ።

እሳቸው ካረፉ ቆይቷል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ልጁም ጸጉሩ ሸብቷል፤ ማንም በበቅሎ ጭኖ በቆጂ አይወስደውም። ስለዚህ አሁን ብናገር የሚጎዳ የለም። ጠበሉን አልነቅፍም፣ እኔም እጠጣዋለሁ። ቤቱን ያቆመው ግን የጽድ ግንድ ነው። የቀበርኩትም እኔ ነኝ።