ስማቸው በትክክል ይጻፍ

ስደት ሲባል ሁሉም ሰው በጨለማ ሹልክ ብሎ የወጣ ይመስላችኋል። እኔ የወጣሁት በጠዋት ፀሐይ፣ ጎረቤት ቆሞ እያየኝ፣ ወደ ሞያሌ በሚሄድ አውቶቡስ ነው። አባቴን ከወሰዱት ሦስት ሳምንት ሆኗቸው ነበር።

አባቴ አርባ ዓመት ሙሉ አዲስ አበባ የኖረ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ነበር። ጥፋቱ አስመራ መወለዱ ብቻ ነው። ኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት ሲገጥሙ ከጋራዥ ከነቱታው ወስደው ካምፕ አስገቡት፤ ኋላም ድንበር አሻገሩት። እናቴ "አንቺንም ሳይጨምሩሽ ሂጂ" ብላ ገፍታ አስወጣችኝ። አባቴን ዳግመኛ ሳላየው አስመራ ሞተ።

ናይሮቢ ሁለት ዓመት ተቀምጬ ለንደን ስገባ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ፎርሙን ይዞ "ኢትዮጵያዊት ነሽ ወይስ ኤርትራዊት?" አለኝ።

"እናንተ ወስኑልኝ። የእኛዎቹ መስማማት አቅቷቸዋል።"

አስተርጓሚው ሳቁን ዋጠ። ምን ብሎ እንደተረጎመው እንጃ፣ ሰውዬው ግን ብዙ ጻፈ።

መጀመሪያ ሃርልስደን ከሰው ጋር ተዳብዬ ኖርኩ፤ በኋላ ክላፋም ሚስተር ካርሎ ቤት ክፍል ተከራየሁ። የዚህ አገር ዝናብ እንደ እኛ ክረምት ደንፍቶ ዘንቦ አይወጣለትም፤ ቀኑን ሙሉ ያለቃቅሳል። በገባሁ በሳምንቱ ወጥ ስሠራ አከራዬ በሬን አንኳኩ። አለቀልኝ አልኩ።

"ሽታው ምንድነው?"

"ሽንኩርት ነው፤ ይቅርታ፣ መስኮት እከፍታለሁ።"

"መስኮቱን ተዪው። ለእኔ የሚተርፍ አለ?"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመዴ ሆኑ።

ባለፈው ዓመት ከሰፈሩ አስተዳደር፣ ከካውንስሉ፣ ሌተር መጣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ "የጠላት አገር ሰው" ተብለው ከሰፈሩ ለታሰሩት ስደተኞች የመታሰቢያ ሰሌዳ ሊያቆሙ ነው። የሚስተር ካርሎ አባት አይስክሬም የሚሸጡ ጣሊያናዊ ነበሩ። ጣሊያን ጦርነቱ ውስጥ ስትገባ ፖሊስ ከሱቃቸው ወስዶ ደሴት ላይ አሰራቸው። ሚስተር ካርሎ ያኔ የአምስት ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ዛሬ ዘጠና ሊሞላቸው ነው። ከሌተሩ ጋር የተላከውን ዝርዝር ሦስት ጊዜ አነበብን። የአባታቸው ስም የለም።

"ተዪው፣ ሰው ሁሉ ረስቶታል" አሉ።

እኔን ግን አንገበገበኝ። በማግሥቱ ክንዳቸውን ይዤ ካውንስል ሄድን።

"መታሰራቸውን የሚያሳይ ማስረጃ አላችሁ?" አለች ወጣቷ ሠራተኛ።

"ሊወስዷቸው ሲመጡ ማስረጃ አላሳዩንም" አሉ ሚስተር ካርሎ።

"እንግዲያው ኦንላይን አፕላይ አድርጉ፤ በስምንት ሳምንት መልስ ይደርሳችኋል።"

"ልጄ፣ በእኔ ዕድሜ ስምንት ሳምንት ቀጠሮ አይያዝም።"

ጣልቃ ገባሁ። "እባክሽ ስሙን በሌላ አጻጻፍ ቼክ አድርጊልን። የእኔን አባት ስም እዚህ አገር እስካሁን አራት ዓይነት አድርገው ጽፈውታል።"

ልጅቷ ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ፊደል ቀየረች፣ ሌላ ቀየረች። ከዚያ ፊቷ ቀላ። "አገኘኋቸው። ያኔ የመዘገባቸው ፖሊስ ስማቸውን አሳስቶ ስለጻፈ ነው ከዝርዝሩ የቀሩት። ይቅርታ፤ ስማቸው በትክክል ይጻፋል።"

በሰሌዳው ምረቃ ቀን የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ። ከንቲባዋ ስሞቹን አንድ በአንድ አነበቡና "ጎረቤቶቻችን ነበሩ፤ በድለናቸዋል" አሉ። በቃ፣ ይኸው ነው። ሚስተር ካርሎ ግን ባርኔጣቸውን አውልቀው እንደ ሕፃን አለቀሱ። "ሌላ መናገር የሚፈልግ?" ሲባል በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ ስለ አባቴ ተናገርኩ፤ ስሙን ከነአያቱ ጠራሁት። የማያውቁት ሰዎች ጸጥ ብለው ሰሙኝ።

ወደ ቤት ስመለስ መንገድ ላይ ሆኜ አዲስ አበባ ወንድሜ ዮናስ ጋ ደወልኩ። እሱ ያኔ ክፍለ ሀገር በሥራ ላይ ስለነበር አልተያዘም። ከሃያ ዓመት በላይ ስናወራ ያንን ጊዜ አንስተነው አናውቅም።

"ለፈረንጅ የአባዬን ስም ጠራሽ?"

"አዎ። በሰው ፊት።"

"ምን አሉ?"

"ዝም ብለው ሰሙኝ፣ ዮኒ።"

የታክሲ ጥሩምባ ይሰማኛል። እየነዳ ነበር። "ቆይ መኪናዋን ጥግ ላስይዝ" አለኝ።

ሞተሩ ጠፋ።

"እኔ እኮ ካምፑ ድረስ ሄጄ አግኝቼዋለሁ። ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ጊዜ አለሽ?"

መንገድ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀመጥኩ። "አለኝ" አልኩት። "ከመጀመሪያው ጀምርልኝ።"